የጠዋቱ ኪኒን

ወይዘሮ አስናቀች የልጅ ልጃቸውን በመጥረጊያ እጀታ ሲመልሷት ምራታቸው ሊዲያ በወጥ ቤቱ መስኮት አየች። የአሥር ወሯ አቢጋኤል ከሳሎን ወጥታ፣ የግቢውን ሲሚንቶ እየዳኸች ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ደርሳለች። አያትየው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ መጥረጊያውን ዘርግተው፣ ከተሰጣ እህል ላይ ጫጩት እንደሚመልስ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ይገፏታል። ሕፃኗ ጨዋታ መስሏት እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ወይዘሮ አስናቀች ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈው ሳላቸውን ለማፈን ይታገላሉ። ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። ሳሉ ጋብ ሲልላቸው በሀዲይኛ አንድ ነገር አሏት፤ ሊዲያ ቃሉን ባትሰማውም «ሂጂ» ማለታቸው እንደሆነ ከእጃቸው ገባት።

ሮጣ ወጥታ ልጇን አነሳች። ይቅርታ ልትጠይቃቸው አስባ ተወችው። «ልጅቷን ባያስጠጓት ይሻላል» ያለቻቸው ራሷ ናት፤ ከሰርቪስ ቤቱ ካርቶንና ጆንያ አውጥታ፣ አልጋ አስገብታ፣ «እዚህ ፀሐይም ያገኛሉ» ያለቻቸውም ራሷ ናት። ብርጭቋቸውን፣ ሳህናቸውን፣ ማንኪያቸውን ለይታ በትንሽ ሳፋ ያስቀመጠችላቸው ያን ዕለት ነው። ወይዘሮ አስናቀች ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ ሳሎን የሚገቡት ለእሑድ ጸሎት ብቻ ነው፤ ያኔም በሩ አጠገብ ካለው ወንበር አያልፉም።

ሊዲያ ክፉ ሰው ሆና አልነበረም። የእናቷ ወንድም ዱራሜ ውስጥ በቲቢ ሲሞት ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ያን ሳል ታውቀዋለች። እሱም በመጀመሪያው ምርመራ «ነጻ ነህ» ተብሎ ነበር። አማቷ ከሌሞ የመጡት በጥቅምት ነው፤ ለዓይናቸው ብለው ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊት ተገኘባቸው። ኪኒኑ ታዘዘላቸው። ሳሉ የጀመራቸው በኅዳር ነው። አክታ የሌለው፣ ከጉሮሮ የሚነሳ፣ ሲጀምር የማያቆም ደረቅ ሳል። ዝንጅብል አልመለሰውም፤ ነጭ ሽንኩርት አልመለሰውም፤ ከፋርማሲ የተገዛው ሽሮፕም ጠርሙሱ አልቆ ሳሉ አላለቀም። ሁለት ጊዜ የቲቢ ምርመራ ተደርጎላቸው ሁለቱም ጊዜ ነጻ ተባለ። ይኸው የካቲት ገባ። ሊዲያ ጡት የምታጠባ እናት ናት፤ «ነጻ» የሚለው ወረቀት ሌሊት ከግድግዳው ማዶ የሚመጣውን ድምፅ አያስቆምላትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ማንም አያማትም። መድኃኒቱን አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ባሏ ጴጥሮስ ዱራሜ መምህር ነው፤ ዐርብ ማታ መጥቶ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። አባቱ ማሳ ላይ እንደቆሙ በግፊት ወድቀው የሞቱት እሱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። ስለዚህ በደወለ ቁጥር ከልጁም በፊት የሚጠይቀው «አማ ኪኒኗን ዋጠች?» ብሎ ነው። አማ በእሱ ሀዲይኛም በሊዲያ ከምባትኛም እናት ማለት ነው፤ አማትና ምራት ሲያወሩ የሚገናኙት በአማርኛ ቢሆንም፣ ይህቺ አንዲት ቃል ግን ሳትተረጎም የሁሉም ሆናለች። ሊዲያ ኪኒኖቹን በቦርሳዋ ትይዛቸዋለች። አሮጊቶች መድኃኒት ትራስ ሥር ይደብቃሉ ሲባል ሰምታ ነው።

ጥርጣሬዋን ያጠናከረ ነገርም ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ወይዘሮ አስናቀች በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሆነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ይቺ ኪኒን ናት የምታስለኝ» አሉ።

ጴጥሮስ ሳቀ። «አማ፣ የግፊት ኪኒን እንዴት አድርጎ ነው የሚያስልሽ? ሳንባሽን መቼ አገኘውና!»

ሊዲያም ሳቀች። ወይዘሮ አስናቀች ቆጯቸውን ቆርሰው ማኘክ ቀጠሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው ግፊታቸው አልወረደም ተባለና የኪኒኑ መጠን በእጥፍ ጨመረ። ስለ ሳሉ የጠየቀ አልነበረም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሊዲያም የቲቢ ነገር ከተነሳ ሌላ ቀጠሮ ይመጣል ብላ አላነሳችም።

እና ያን ሐሙስ ጠዋት፣ አቢጋኤልን ከመጥረጊያው አስለቅቃ ጎረቤት ለምትኖረው ለገነቴ ከሰጠች በኋላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውኃና ኪኒን ይዛ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በሁለት ሰዓት ተኩል መሥሪያ ቤት መፈረም አለባት፤ እሷ በምትሠራበት መዝገብ ቤት ኦዲተሮች ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ኃላፊዋ ደግሞ በማርፈድ ቀልድ አያውቅም።

ወይዘሮ አስናቀች እጃቸውን አልዘረጉም። «ዛሬ ይቅርብኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ምነው አማ?»

«ትናንት ከዋጥኩ በኋላ ከንፈሬ ወፈረ። እዚህ ጋ። ማታ ጠፋ።»

ሊዲያ ጎንበስ ብላ አየች። ከንፈራቸው ደረቅ ከመሆኑ በቀር የወፈረ ነገር አልታያትም። ደህና ነው አለቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ የእልህ መሰላት፤ በመጥረጊያው፣ በሳህኑ፣ በሰርቪስ ቤቱ የመጣ እልህ። ስለ መጥረጊያው መናገር ሲያቅታት ስለ ኪኒኑ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ጴጥሮስ ሲደውል ምን ልበለው? አባቱ እንዴት እንደሞቱ እርስዎ ያውቃሉ። ቢወድቁ እኔ ነኝ የምጠየቀው። በጌታ ስም፣ ይዋጡልኝ።»

ወይዘሮ አስናቀች ከዚያ ኪኒኑን ከመዳፏ ላይ ቆዳዋን ሳይነኩ በሁለት ጣት አነሱ፤ አፋቸው ውስጥ አድርገው ውኃውን ጠጡበት። ሊዲያ ግን አልሄደችም። ለምን እንደዚያ እንዳለች ኋላ ላይ ስታስበው ራሷን ማመን አልቻለችም።

«ምላስዎን ያሳዩኝ» አለች።

የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ ስድስት ወልደው አንድ የቀራቸው፣ በመንደራቸው ጠበኛ የሚያስታርቁ ሴት፣ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱላት። ምላሳቸው ላይ ምንም አልነበረም።

ስልኩ የተደወለው አራት ሰዓት ሲሆን ነው። ሊዲያ ኦዲተሮቹ የጠየቁትን የአምና ፋይል ከመደርደሪያ እያወረደች ነበር። ገነቴ ናት፤ ከኋላዋ አቢጋኤል ታለቅሳለች። «ቶሎ ነይ! የአማ ፊት ተለወጠ። ንብ ነድፏቸው ይሁን ምን ይሁን አላወቅሁም፤ ከንፈራቸው ይሄን ያህል ሆኗል። ቅቤ ቀባሁላቸው። የጸሎት እህቶችን ልጥራ?»

ፋይሉን ወለሉ ላይ ትታው ወጣች። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤት በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ላይ ከሌሞ ሣር ጭነው የገቡ ጋሪዎች ተደርድረው ባለባጃጁ ጥሩንባ ቢነፋም የሚያሳልፈው አላገኘም። «ከንፈሬ ወፈረ» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይመላለሳል። ትናንት፣ እዚህ ጋ፣ ማታ ጠፋ።

ወይዘሮ አስናቀች ግቢው መሐል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። የላይኛው ከንፈራቸው አፍንጫቸውን ሊነካ ደርሷል፤ ጉንጫቸው በአንድ ወገን ተነፍቶ ዓይናቸውን አጥብቦታል። ቅቤው ያብረቀርቃል። ሊናገሩ ሲሞክሩ ቃሉ አልወጣም፤ ምላሳቸው አፋቸውን ሞልቶት ምራቃቸው በአገጫቸው ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ መሐል ቀጭን የፉጨት ድምፅ አለ። ገነቴ ሕፃኗን እንዳቀፈች «በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም» ትላለች። «ጸልዪ፤ እኔ ሆስፒታል ልውሰዳቸው» አለቻት ሊዲያ፤ አማቷን በብብታቸው ይዛ አነሳቻቸው። ሰርቪስ ቤት ካስገባቻቸው ወዲህ ስትነካቸው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እንዲህ ቀለው ነበር እንዴ?

ባጃጁ ውስጥ ደረቷ ላይ አስደገፈቻቸው። መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር ጭንቅላታቸው አገጯን ይመታታል። ወይዘሮ አስናቀች ፊታቸውን ወደ ውጭ፣ ወደ ባጃጁ ሸራ ለማዞር ይታገላሉ። ሊዲያ አየር ፍለጋ መስሏት ሸራውን ገለጠችላቸው። አሁንም ይዞራሉ፤ እሷ ትመልሳቸዋለች፤ ይዞራሉ። ሦስተኛው ላይ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ለመሸፈን እጃቸውን ሲያነሱ ነገሩ ገባት። እየታነቁ እንኳ እንዳይተነፍሱባት ይጠነቀቃሉ። ነጠላውን ከእጃቸው ነጠቀችና ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረች። «ይተንፍሱ! እዚህ፣ እኔ ላይ ይተንፍሱ!» ብላ ጮኸች። ባለባጃጁ በመስታወት አይቷት ጥሩንባውን ሳያቋርጥ ነዳ።

ድንገተኛ ክፍል ካርድ እስኪወጣ የጠበቀ አልነበረም። ፊታቸውን ያየች ነርስ ራሷ ገፍታ አስገባቻቸው፤ ኦክሲጅን ተደረገላቸው፤ ክንዳቸውም ጭናቸውም ተወጋ። ዶክተር ሱራፌል የሚባል ጢሙ ገና ያልጠና ሐኪም በባትሪ አፋቸውን እያየ፣ ቀና ሳይል ሊዲያን ጠየቃት። «ምን በልተው ነው?»

«ቂጣና ሻይ። የወትሮውን።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የግፊት ብቻ።»

«ስሙ?»

ስሙን አታውቀውም። አራት ወር ሙሉ በእጇ እየሰጠች ስሙን አንድ ቀን አላነበበችውም። ቦርሳዋን ከፍታ ማሸጊያውን አወጣች። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ብቻ አየው። «ኢናላፕሪል» አለ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። «ያስላቸው ነበር? ደረቅ ሳል?»

ሊዲያ የአልጋውን ብረት ያዘች። «ከኅዳር ጀምሮ» አለች።

«ኪኒኑን ከጀመሩ በኋላ?»

«ከጀመሩ በኋላ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እየሠራ ነገራት። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ምንም ችግር ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል። አንዳንዱን ግን ያስለዋል፤ ሲቆም ሳሉም ይጠፋል። እንዲህ የሚያሳብጠው ሰው ጥቂት ነው፤ ያ ከመጣ ግን ቀልድ የለም። የተወጉት መርፌ ለዚህ ዓይነቱ እብጠት ብዙም ላይሠራ ይችላል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ መጠበቅ ነው፤ ዋናው አየር መተላለፊያው እንዳይዘጋ ነው አላት። ቀጥሎም ወረቀት ሰጣት። እብጠቱ ወደ ውስጥ ከገፋ ጉሮሯቸው ላይ ቀደው ቱቦ ያስገባሉ፤ ወረቀቱ ለዚያ ፈቃድ ነው። ፈረመች።

«ዛሬም ወስደዋል?»

«አዎ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።»

«ወስደዋል» ነበር ያለው እንጂ ማን አስዋጣቸው አላለም፤ እሷም «አዎ» አለች። ከዚያ በላይ የጠየቃት አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ለጴጥሮስ ደወለች። «አለርጂ ነው ይላሉ፤ ከመድኃኒቱ ነው» ብቻ አለችው። ከክፍል እንደወጣ መኪና ተሳፈረ። አጠገቧ ከሙዱላ ታማሚ ይዘው የመጡ ሰዎች ቆሎ ዘርግተው ይበላሉ፤ አንዷ ሴትዮ ጭብጥ አድርጋ ሰጠቻት፤ ሊዲያ ተቀብላ እጇ ውስጥ እንደያዘችው ቀረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ የፉጨት ድምፅ ይሰማታል፤ ሲዘጋ ደግሞ አለመስማቱ ይብሳል። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። አንድ ጊዜ ነርሷ ስታልፍ በትሪ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የቀዶ ሕክምና ብረት ይዛ ገባች፤ ሐኪሙም ከኋላዋ እየሮጠ። ሊዲያ ተነስታ በሩን ልትገፋ እጇን አነሳች፤ መግፋት አቃታት። ምላስዎን ያሳዩኝ። ይህን ያለችው በዚህ አፍ ነው። በሩ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ስንት ደቂቃ እንደቆመች አላወቀችም። ነርሷ ስትመለስ ብረቱ እንደተሸፈነ ነበር። «አልተነካም፤ በራሳቸው እየተነፈሱ ነው» አለቻት። «ገና ነው፤ ግን አልጨመረም።»

ጴጥሮስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ እብጠቱ መጉደል ጀምሮ ነበር። ጫማው አቧራ እንደለበሰ ገባ። ወይዘሮ አስናቀች ትራስ ተደርድሮላቸው ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው አሁንም ወፍራም ነው፤ አንዱ ዓይናቸው ግን ተከፍቷል። የእናቱን እጅ ይዞ ግንባሩን አስነካው፤ ከዚያ ሐኪሙ የነገረውን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ሳሉን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ቀጥሎ ሐኪሙ ሳያስበው፣ «ትናንትም ከንፈራቸው አብጦ እንደነበር በምልክት ነግረውኛል። ያኔ ቢቆም ኖሮ ዛሬ እዚህ አይደርስም ነበር» ብሎ ወጣ።

ጴጥሮስ ዞረ። «ትናንት አብጦ ዛሬ ማን ነው የሰጣት?»

ሊዲያ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የተንተባተበ፣ ግን አማርኛ። «እኔ። ራሴ ዋጥኩ። ማንም አልሰጠኝም።»

ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ፤ አመነ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወይዘሮ አስናቀች ሊዲያን አያዩም፤ ኮርኒሱን ነው የሚያዩት። ሊዲያ ዝም ብትል በዚህ ቤት ውስጥ ይህን የሚያነሳ ሰው መቼም እንደማይኖር አወቀች፤ አማቷ ይዘውት ይሞታሉ። ይህን ማወቋ ከሁሉ በላይ ከበዳት።

«ውሸታቸውን ነው» አለች። «እኔ ነኝ። ይቅርብኝ ብለውኝ ነበር፤ ከንፈሬ ወፈረ ብለውኝ ነበር። አስገደድኳቸው። መዋጣቸውን እንኳ አላመንኩም፤ አፋቸውን አስከፍቼ አየሁ።»

ጴጥሮስ አላመናትም ይሁን አልገባው፣ አፈጠጠባት። ከዚያ አይታበት የማታውቀው ነገር ፊቱ ላይ መጣ። «የእናቴን አፍ?» አለ። «አንቺ የእናቴን አፍ አስከፈትሽ?» ድምፁ ከፍ አላለም። ከፍ አለማለቱ አስፈራት። እንባዋ ወረደ፤ ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ጴጥሮስ» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። ከቤት ስሙ ይልቅ የትምህርት ቤት ስሙን ሲጠሩት እምብዛም አይሰማም። በሀዲይኛ ሊነግሩት ይችሉ ነበር፤ በአማርኛ ነገሩት፤ ሁለቱም እንዲሰሙ። ቃል በቃል፣ በየመሐሉ ምራቃቸውን እየዋጡ። «እሷ አፌን አስከፈተች። አንተ ደግሞ ሳቅህ። በእሑድ፣ ምሳ ላይ። አስታወስክ?»

ጴጥሮስ ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሊዲያ እዚያው እንደቆመች ቀረች፤ እጇ ውስጥ ያለው ቆሎ ላብ ጠጥቶ ነበር። ማንም ለማንም ይቅር አልልም አላለም፤ ይቅር ብያለሁም ያለ የለም። ከመስኮቱ ውጭ የየካቲት ደረቅ ነፋስ የባሕር ዛፉን ቅጠል ያንኮሻኩሻል።

ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሳምሪ የምትባለው ነርስ ሌላ ማሸጊያ ይዛ ገባች። ዛሬ እዚሁ ያድራሉ፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለግፊታቸው ሌላ መድኃኒት ይጀምራሉ አለች። ያኛውን በሕይወታቸው ዳግም እንዳይነኩት በካርዳቸው ላይ በቀይ ጽፋለች። ይህን ሁሉ የምትናገረው ለጴጥሮስ ነው፤ ማሸጊያውንም የዘረጋችው ለእሱ ነው። እሱም እጁን ሰደደ።

«ለእሳቸው ንገሪያቸው» አለች ሊዲያ። ነርሷ ዞር ብላ አየቻት። «መድኃኒቱ የእሳቸው ነው። ለእሳቸው ንገሪያቸው፤ ያልገባቸውን እሱ ይተረጉምላቸዋል።»

ሳምሪ ትንሽ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ አልጋውን ዞራ ወደ ወይዘሮ አስናቀች ቀረበችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በፊትም ቢሆን በኋላም ቢሆን ችግር የለውም እያለች ከመጀመሪያው ጀመረች። ጴጥሮስ በሀዲይኛ ይከተላታል። ወይዘሮ አስናቀች እስከ መጨረሻው ሰሙ። ማሸጊያውን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ በአማርኛ ጠየቁ።

«ይቺስ ምን ታመጣለች?»

ነርሷ ፈገግ አለች፤ ቀልድ አለመሆኑን ከፊታቸው አይታ ተወችው። «አንዳንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ያሳብጠዋል፤ ራስ ምታትም ያመጣል» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ይናገሩ፤ ይቀየራል።»

«ለማን?»

ሳምሪ ጴጥሮስን አየች፤ ጴጥሮስ ሊዲያን አየ። ወይዘሮ አስናቀች ማሸጊያውን ጭናቸው ላይ አድርገው መልሱን ይጠብቃሉ።

«ለእኔ» አለች ሊዲያ። «ለእኔ ይንገሩኝ፣ አማ።»

ወይዘሮ አስናቀች ባንድ ዓይናቸው ጥቂት መረመሯት። «እሺ» አላሉም። «እናያለን» አሉ፤ ከዚያ ጠምቷቸው ኖሮ ውኃ እንድትሰጣቸው እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።